የዜሮና የአንድ ሊቅ፤ ጎትፍሪድ ላይብኒዝ

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ምድር፣ ከሱዳን ድንበር ላይ የተቆረቆረችው መተማ ዮሐንስ ስሟን የወረሰችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ በተደረገው ጦርነት ቆስለው በማግሥቱ ካረፉት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው፡፡ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች፡፡ በዚህ መስመር ሰሊጥና ጥጥ፣ ከብትና ሸቀጥ፣ መንገደኛና የቀን ሠራተኛ ለዘመናት ሲመላለስ ኖሯል፡፡ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ በዚሁ በር ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል፡፡

በእንዲህ ያለ ሥፍራ አስቀድሞ ከሚከናወኑት ተግባራት አንዱ ምዝገባ ነው፡፡ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የመነሻ አገር፣ የተያዘው ዕቃ ብዛት ይጠየቃል፤ መልሱም ይጻፋል፡፡ በአንደኛው ወገን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ስም በሌላው ወገን በአማርኛ ፊደል ይሰፍራል፡፡ መዝገቡ በኮምፒውተር በሚያዝበት ጊዜ ግን መሣሪያው አማርኛም ሆነ ዐረብኛ አያውቅም፡፡ የሚያውቀው ሁለት ምልክቶችን ብቻ ነው፤ ዜሮንና አንድን፡፡ የሰው ስም ወደ ዜሮና አንድ ተለውጦ ይቀመጣል፤ በተፈለገ ጊዜም ተፈትቶ እንደገና ስም ይሆናል፡፡ በመለወጡና በመፍታቱ መካከል ስሕተት ቢፈጠር ባለስሙ ራሱ ከመዝገብ እንደጠፋ ይቆጠራል፡፡

ከእርሳቸው በፊት ሐሳቡን የነኩት ጥቂት ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ቁጥርን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ብቻ መጻፍና ማስላት እንደሚቻል ሥርዓቱን አሟልተው ለዓለም ያስተዋወቁት ጀርመናዊው ፈላስፋ፣ የሒሳብ ሊቅ፣ የሕግ ባለሙያና የመንግሥት አማካሪ ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ ናቸው፡፡ የሕይወት ታሪካቸው ሲመረመር አንድ ቁም ነገር ደጋግሞ ይገኛል፡፡ ይኸውም ምልክት ዋጋ የሚኖረው ጸሐፊውና አንባቢው በአንድ የመፍቻ ደንብ ሲስማሙ ብቻ መሆኑ ነው፡፡

ላይብኒዝ የተወለዱት እ.ኤ.አ ሐምሌ 1 ቀን 1646 በላይፕዚግ ከተማ ነው፡፡ ይህ ዘመን ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመሠረቱ አሥር ዓመት ገደማ ያለፈበት፣ ጀርመንም የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት ያላገባደደችበት ወቅት ነበር፡፡ አባታቸው በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ሲሆኑ፣ ልጃቸው ገና ስድስት ዓመት ሲሞላው በሞት ተለዩ፡፡ ይሁንና ትተውት የሄዱት የመጻሕፍት ክምችት ለሕፃኑ ሁለተኛ መምህር ሆነ፡፡ ላይብኒዝ ላቲንኛን በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው በማስተማር ካወቁ በኋላ የአባታቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ፡፡

እ.ኤ.አ በ1661 ወደ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፍልስፍናና ሕግ አጠኑ፡፡ በ20 ዓመታቸው የሕግ ዶክትሬት ለመቀበል ባመለከቱ ጊዜ በዕድሜያቸው ማነስ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ስላልተቀበላቸው ወደ አልትዶርፍ ሄደው ማዕረጉን አገኙ፡፡ በዚያው የቀረበላቸውን የመምህርነት ሹመት ግን ሳይቀበሉ ቀርተዋል፡፡ በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1666 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቃላት ከጥቂት ፊደላት እንደሚገነቡ ሁሉ የሰው ልጅ ሐሳብም ከጥቂት መነሻ ጽንሰ ሐሳቦች ተቀናብሮ ሊጻፍ ይችላል የሚል ጥናት አቀረቡ፡፡ ይህ ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም፡፡

ከዚያ በኋላ በማይንዝ መራጭ መስፍን አስተዳደር ውስጥ ገብተው ሕጎችን የማሻሻል ሥራ ላይ ተሰማሩ፡፡ እ.ኤ.አ በ1672 ለዲፕሎማሲ ተልእኮ ወደ ፓሪስ ተላኩ፤ በዚያም እስከ 1676 ቆዩ፡፡ በሒሳብ የነበራቸው ዕውቀት ጥልቀት ያገኘው በእነዚህ ዓመታት ሲሆን፣ መሪያቸውም ኔዘርላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ነበሩ፡፡ መደመርና መቀነስ ብቻ ሳይሆን ማባዛትና ማካፈልም የምትችል ጥርሳማ የሒሳብ መሣሪያ ነድፈው አምሳያዋን እ.ኤ.አ በ1673 ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ አሳዩ፤ በዚያው ዓመትም የማኅበሩ አባል ሆነው ተመረጡ፡፡

በፓሪስ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ በ1675፣ ዛሬ ካልኩለስ እየተባለ የሚጠራውን የሒሳብ ስልት በማስታወሻዎቻቸው ላይ አሰፈሩ፡፡ እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ከእርሳቸው ቀደም ብለው ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን አላሳተሙትም፡፡ ሁለቱ ሊቃውንት በሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ አማካይነት ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር፡፡ ኒውተን እ.ኤ.አ በ1676 በጻፉት ደብዳቤ የስልታቸውን መሠረት በአንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ካስቀመጡ በኋላ ፊደላቱን በየዓይነታቸው ቆጥረው፣ ይህ ፊደል ስድስት ጊዜ፣ ያኛው ሁለት ጊዜ በሚል አኳኋን ብቻ ላኩት፡፡ ጽሑፉ ቀዳሚነታቸውን ለማስመስከር የሚያገለግል ቢሆንም መፍቻው በሌላ ሰው እጅ ስላልነበረ ለአንባቢው ምንም አልነገረውም፡፡ ላይብኒዝ በበኩላቸው እ.ኤ.አ በ1677 በሰጡት መልስ የራሳቸውን ስልት በግልጽ ጻፉ፡፡ የሁለቱ ደብዳቤዎች ልዩነት ከጊዜ በኋላ ለተነሣው ታላቅ ክርክር አንዱ መነሻ ሆኗል፡፡

እ.ኤ.አ በ1676 መጨረሻ ላይብኒዝ በሃኖቨር መስፍን አገልግሎት ገቡ፤ ለቀሪዎቹ 40 ዓመታትም የዚያው ቤተ መንግሥት ሠራተኛ ሆነው ኖሩ፡፡ ሥራቸው ዘርፈ ብዙ ነበር፡፡ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የሕግ አማካሪና የታሪክ ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል፡፡ በሃርዝ ተራሮች የሚገኙት የብር ማዕድን ጉድጓዶች ውኃ በነፋስ ኃይል እንዲወጣ ለማድረግ ለዓመታት ደክመው ሳይሳካላቸው ቀርቷል፡፡ ከ1691 ጀምሮ የቮልፈንቡተልን ቤተ መጻሕፍት ደርበው ሲመሩ መጻሕፍቱ በደራሲ ስም በፊደል ተራ የሚገኙበት ዝርዝር እንዲዘጋጅ አድርገዋል፡፡ መረጃን መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተሰበሰበው ተመልሶ የሚገኝበት ሥርዓት እንደሚያስፈልግ በተግባር ያሳዩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ ማለት ይቻላል፡፡

የዜሮና የአንድ ሥርዓት በጽሑፍ የሰፈረውም በዚሁ የሃኖቨር ዘመናቸው ነው፡፡ እ.ኤ.አ መጋቢት 15 ቀን 1679 የሚል ቀን በተጻፈበት የላቲን ማስታወሻ ላይ ላይብኒዝ የሁለትዮሽ ቁጥርን አጻጻፍና ስሌት ዘርዝረዋል፡፡ በተለመደው ቁጥር አንድ አሐዝ ወደ ግራ በተሻገረ ቁጥር ዋጋው አሥር እጥፍ ያድጋል፡፡ በላይብኒዝ ሥርዓት ግን የሚያድገው ሁለት እጥፍ ነው፡፡ በዚህም መሠረት ሁለት 10፣ ሦስት 11፣ አራት 100፣ ስምንት ደግሞ 1000 ተብለው ይጻፋሉ፡፡ በዚያው ማስታወሻ ላይ በሚከፈቱና በሚዘጉ ቀዳዳዎች ውስጥ ትናንሽ ኳሶች እየወደቁ በሁለትዮሽ የሚያሰላ መሣሪያ ሊሠራ እንደሚችል ገልጸዋል፡፡ ኳስ የወደቀበት ቦታ አንድን፣ ያልወደቀበት ዜሮን ያመለክታል፡፡ መሣሪያው በዘመናቸው አልተሠራም፤ ማስታወሻውም ሳይታተም ለብዙ ዘመን በወረቀት ክምር ውስጥ ቆይቷል፡፡

ላይብኒዝ ጽሑፍን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥና መልሶ የመፍታት ጉዳይ ከመንግሥት ሥራ ጋር ያለውን ቁርኝት በሚገባ ተረድተው ነበር፡፡ እ.ኤ.አ በ1688 ቪየና በነበሩበት ጊዜ ደብዳቤን በምስጢር የምትጽፍና መልሳ የምትፈታ መሣሪያ ለንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ቀዳማዊ ለማቅረብ አስበው ንድፈ ሐሳቡን አዘጋጅተዋል፡፡ የመሣሪያዋ ጠቀሜታ ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ቁልፍ እስከተስማሙ ድረስ ረጅም ደብዳቤ በፍጥነት ተለውጦ በፍጥነት እንዲፈታ ማስቻሏ ነበር፡፡

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ታሪክም አለ፡፡ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዋሊስ በምስጢር የተጻፉ የጠላት ደብዳቤዎችን በመፍታት አገራቸውን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሰው ናቸው፡፡ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ ከ1697 አንሥቶ ለዋሊስ በተደጋጋሚ በመጻፍ ይህ ዕውቀት ከእርሳቸው ጋር እንዳይቀበር ለወጣቶች እንዲያስተምሩት ለመኑ፤ ተማሪዎችንም ከሃኖቨር ለመላክ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ፡፡ የጥበቡን ጥቅም ለአገራቸው ብቻ ለማቆየት የፈለጉት ዋሊስ ጥያቄውን አልተቀበሉም፤ ሙያውንም ለልጅ ልጃቸው ብቻ አስተላልፈው እ.ኤ.አ በ1703 አረፉ፡፡

የዚህ ተቃራኒ የሆነና ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ምሳሌ በዚያው ዘመን ይገኛል፡፡ የኤርፉርት ተወላጅ የሆኑት ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ በ1649 በሮም ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኙ፡፡ አባ ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ በ1652 በጎታው መስፍን ግብዣ ወደ ጀርመን ተሻግረው ለሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን፣ የአገራቸውንም ታሪክና ሥርዓት አስረዱ፡፡ ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ላይ ሳሉ እ.ኤ.አ በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ተሰብራ ሕይወታቸው አለፈ፡፡ ያስተማሩት ግን አልሰመጠም፡፡ ሉዶልፍ የሰሙትን በፊደል፣ በሰዋስውና በትርጉም አስይዘው ነበርና የኢትዮጵያን ታሪክ እ.ኤ.አ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1698 ለማሳተም በቁ፡፡

ላይብኒዝ ከሉዶልፍ ጋር እ.ኤ.አ ከ1680ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፡፡ የሕዝቦች ዝምድናና ፍልሰት በቋንቋቸው ሊታወቅ እንደሚችል ስላመኑ ከየአገሩ የቋንቋ ናሙና ይሰበስቡ ነበር፡፡ ግዕዝ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ያለውን ዝምድና ያጠኑት ሉዶልፍ በዚህ ጉዳይ ዋነኛ አማካሪያቸው ነበሩ፡፡ የአማርኛው መዝገበ ቃላት በታተመ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1699፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም በስናር አድርገው፣ ዛሬ ሁለቱ አገሮች የሚዋሰኑበትን ቆላ አቋርጠው ጎንደር ገብተዋል፡፡ በአንድ በኩል ሰው በበረሃ መንገድ፣ በሌላ በኩል ቃል በኅትመት ድንበር ይሻገር የነበረበት ዘመን ነበር፡፡

የሁለትዮሽ ቁጥር ጉዳይ ላይብኒዝን እስከ ሽምግልናቸው ተከትሏቸዋል፡፡ እ.ኤ.አ በ1697 መባቻ ለመስፍን ሩዶልፍ አውጉስት በላኩት የአዲስ ዓመት ደብዳቤ ሥርዓቱን በማብራራት በእርሱ አምሳል ሜዳሊያ እንዲቀረጽ ሐሳብ አቀረቡ፡፡ ሁሉ ነገር ከአንድና ከምንም መገኘቱን የፈጣሪ ሥራ ምሳሌ አድርገው ያዩት ነበር፡፡ በቤጂንግ ይኖሩ ለነበሩት ለፈረንሳዊው ሚስዮናዊ ለዧኪም ቡቬም ስለ ቁጥሩ ጻፉላቸው፡፡ ቡቬ በምላሹ የጥንት ቻይናውያንን 64 ምልክቶች የያዘ ሠንጠረዥ ላኩላቸው፤ ሠንጠረዡም እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1703 ደረሳቸው፡፡ እያንዳንዱ ምልክት ስድስት መስመሮች ያሉት ሲሆን መስመሮቹ አንዳንዶቹ ሙሉ፣ አንዳንዶቹ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፡፡ ላይብኒዝ የተከፈለውን ዜሮ፣ ሙሉውን አንድ አድርገው ሲያነቡት ከዜሮ እስከ 63 ያሉትን ቁጥሮች በቅደም ተከተል አገኙ፡፡ ቻይናውያኑ ለምልክቶቹ የሰጡት ትርጉም ሌላ ነበር፤ ሆኖም ተመሳሳይ ምልክት በሌላ ደንብ ሲነበብ ሌላ ነገር እንደሚናገር ይህ አጋጣሚ ያመለክታል፡፡

ይህን መነሻ በማድረግ ያዘጋጁት ጽሑፍ በፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ የ1703 መድብል ውስጥ ወጣ፡፡ ላይብኒዝ በዕለት ተዕለት ስሌት ላይ የተለመደውን ባለ አሥር አሐዝ ቁጥር ለመተካት እንዳላሰቡ በጽሑፉ ገልጸዋል፡፡ የሁለትዮሽ ቁጥር ርዝመት ለእጅ ጽሑፍ አድካሚ ነበርና በዘመናቸው ተግባራዊ ጥቅም ያገኘለት ሰው አልነበረም፡፡

የመጨረሻዎቹ ዓመታት መራራ ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ በ1700 የተመሠረተው የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለመሆን ቢበቁም፣ በካልኩለስ ቀዳሚነት የተነሣው ክርክር ስማቸውን አጎደፈው፡፡ ላይብኒዝ ስልታቸውን ማሳተም የጀመሩት እ.ኤ.አ በ1684 ሲሆን፣ የኒውተን ደጋፊዎች ሐሳቡ የተሰረቀ ነው ሲሉ ከሰሷቸው፡፡ ጉዳዩን እንዲመረምር እ.ኤ.አ በ1712 በሮያል ሶሳይቲ የተሰየመው ኮሚቴ ለኒውተን ፈረደ፡፡ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በወቅቱ ኒውተን ራሳቸው ነበሩ፤ በሪፖርቱ ዝግጅትም ውስጥ እጃቸው ነበረበት፡፡ ዛሬ የታሪክ ባለሙያዎች ሁለቱም ለየብቻቸው የደረሱበት መሆኑን ይቀበላሉ፡፡ በትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የካልኩለስ ምልክት በአብዛኛው ላይብኒዝ የቀረጹት ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ1714 የሃኖቨሩ ገዥ ጆርጅ ቀዳማዊ ተብለው በብሪታንያ ዙፋን ሲቀመጡ ላይብኒዝ ወደ ለንደን እንዲከተሏቸው አልተፈቀደላቸውም፡፡ ለዓመታት ሲጓተት የቆየውን የገዥውን ቤተሰብ ታሪክ እንዲጨርሱ ታዘዙ፤ ሥራው ግን እስከ እ.ኤ.አ 1005 ያለውን ዘመን ብቻ ሸፍኖ ቀረ፡፡ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ ኅዳር 14 ቀን 1716 በ70 ዓመታቸው በሃኖቨር አረፉ፡፡ ከቤተ መንግሥቱ ሹማምንት በቀብራቸው ላይ የተገኘ አልነበረም፤ የሸኟቸው ጸሐፊያቸው ዮሐን ጌኦርግ ኤክሃርትና ጥቂት ሰዎች ነበሩ፡፡

ትተውት ያለፉት የወረቀት ክምር 200 ሺህ ገጽ ገደማ ይሆናል፡፡ ከ1 ሺህ 100 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር የተለዋወጡት ደብዳቤ 15 ሺህ ያህል ነው፡፡ ወረቀቱ ሳይበታተን የቆየው የመንግሥት ምስጢር ይኖርበታል በሚል ስጋት ቤተ መንግሥቱ በቁጥጥር ሥር ስላዋለው ነበር፡፡ የደብዳቤ ስብስቡ እ.ኤ.አ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፡፡

የዜሮና የአንድ ሥርዓት ግን ሌሎች ዘመናትን መጠበቅ ነበረበት፡፡ እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ በ1854 እውነትና ሐሰትን በአንድና በዜሮ የሚያሰላ የአመክንዮ ሒሳብ አሳተሙ፡፡ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ በ1937 ባቀረቡት የማስተርስ ጽሑፍ ይህ ሒሳብ በሚበራና በሚጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጡ፡፡ የላይብኒዝ ኳሶች ቦታ በኤሌክትሪክ ተተካ፡፡ አንዱ የዜሮ ወይም የአንድ ቦታ ቢት፣ ስምንቱ ተደምረው ባይት የሚል ስያሜ ያዙ፡፡

ሉዶልፍ በእርሳስ ያሳተሙት የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ቁጥር ያገኘው ዘግይቶ ነው፡፡ በአገራችን ቀደም ባሉት ዓመታት የተለያዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፡፡ እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም የኢትዮጵያን ፊደል በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ውስጥ አካተተ፡፡ በዚህም ሠንጠረዥ መ 4632፣ ተ 4720፣ ማ 4635 የሚሉ ቁጥሮች አሏቸው፡፡

በዛሬው መዝገብ ቤት ይህን የመለወጥና የመፍታት ሥራ ከሚያከናውኑት አንዱ የመረጃ ቋት ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው፡፡ ሠራተኛው በሚጽፍበት ፕሮግራምና መረጃው በሚከማችበት ቋት መካከል ቆሞ እንደ አስተርጓሚ ያገለግላል፡፡ ለአብነት መዝጋቢው መተማ ብሎ ሲጽፍ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ደንብ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይሆናል፡፡ መ 11100001፣ 10001000፣ 10011000 ተብሎ ይጻፋል፤ እነዚህም በተለመደው ቁጥር 225፣ 136 እና 152 ናቸው፡፡ ሦስቱ ፊደላት በድምሩ ዘጠኝ ባይት ይይዛሉ፡፡ በዚሁ ደንብ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ የዐረብኛው ፊደል ሁለት ባይት ነው፡፡ ድራይቨሩ መረጃውን ከቋቱ ሲያወጣ ይህንኑ ደንብ በተገላቢጦሽ ይጠቀማል፡፡

ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች ባልተስማሙ ጊዜ ነው፡፡ ዘጠኙ ባይት እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው በሚል ደንብ ቢፈታ መተማ በሚለው ፋንታ ዘጠኝ ባዕድ ምልክት ይመጣል፡፡ ይህ ጉዳት ባይቶቹ እስካልተነኩ ድረስ ደንቡን በማረም ይድናል፡፡ የአማርኛን ፊደል በማያውቅ ሠንጠረዥ ሲጻፍ ግን አንዳንድ ሥርዓቶች በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣሉ፡፡ የጥያቄ ምልክት ቁጥሩ 63 ነው፤ በሁለትዮሽ 00111111 ይሆናል፡፡ ይህ ቁጥር አንዴ በቋቱ ውስጥ ከገባ የመጀመሪያው ፊደል ምን እንደነበር ከዚያ የሚያውቅ የለም፡፡ ለስም የተመደበው ቦታ አሥር ባይት ብቻ ቢሆን ደግሞ ሦስት ፊደላት ገብተው አራተኛው ከመጀመሪያው ባይት ላይ ሊቆረጥ ይችላል፡፡

ቁጥርም ከዚህ ስሕተት አያመልጥም፡፡ 258 ኩንታል ሰሊጥ በሁለት ባይት ሲጻፍ የመጀመሪያው ባይት 1፣ ሁለተኛው 2 ነው እንበል፡፡ አንድ ጊዜ 256 ሲደመር 2 ማለት ነው፡፡ አንባቢው ወገን ከሌላው ጫፍ ቢጀምር ሁለት ጊዜ 256 ሲደመር 1 ብሎ 513 ኩንታል ያነባል፡፡ ሰሊጡ አልጨመረም፤ ባይቶቹም አልተለወጡም፤ የተለየው የማንበቢያው አቅጣጫ ብቻ ነው፡፡

ለፎቶግራፍና ለተቃኙ ሰነዶችም ይኸው ይሠራል፡፡ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ዘጠነኛ ዕትም የሁለትዮሽ መረጃን የሚልክበትን አጻጻፍ በመለወጡ በአሮጌው ደንብ የሚያነቡ ድራይቨሮች የተበላሸ ፋይል ማምጣት ጀመሩ፡፡ በቋቱ ውስጥ ያለው መረጃ ግን ምንም አልሆነም ነበር፡፡ ድራይቨሩን በማደስ ወይም ቋቱ ለጊዜው በቀድሞው አጻጻፍ እንዲልክ በማዘዝ ችግሩ ተፈትቷል፡፡ መፍትሔው የተገኘው ለውጡ በሰነድ ተጽፎ ስለነበረ ነው፡፡

ከዚህ የምንማረው ለመዝገብ ኃላፊዎች የሚበጅ ነው፡፡ አዲስ ሥርዓት ሲተከል ወይም አሮጌው ወደ አዲስ ሲዛወር ፊደላቱ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚጻፉ፣ የቦታው ስፋት በፊደል ወይስ በባይት እንደሚለካ ጠይቆ በሰነድ ማኖር ይገባል፡፡ በአማርኛና በዐረብኛ የተጻፉ ረጃጅም ስሞችን አስገብቶ መልሶ በማውጣት፣ የገባውና የወጣው አንድ መሆኑን ባለጉዳዩ ሳይመጣ በፊት ማረጋገጥም ያስፈልጋል፡፡ ደንቡን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሥራውን በለቀቀ ዕለት መዝገቡ የኒውተንን ደብዳቤ ይመስላል፤ አለ፣ ግን አይናገርም፡፡

ላይብኒዝ የዜሮና የአንድን ጥቅም ሳያዩ አልፈዋል፡፡ ሆኖም ሐሳባቸውን ከነደንቡ ጽፈው ስላስቀመጡ ከ150 ዓመት በኋላ የተነሡት ትውልዶች ሊቀጥሉት ችለዋል፡፡ አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ዳግም ሳያዩ ቢቀሩ፣ ያስተማሩት ቋንቋ ከነመፍቻው ተጽፎ ለትውልድ ተላልፏል፡፡ በመተማ በር ገብቶ ስሙን ለመዝጋቢ የሚሰጥ መንገደኛም የሚጠብቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዛሬ የሰጠው ስም ነገ ሲጠየቅ ፊደል ሳይጎድልበት እንዲመለስለት ነው፡፡